የሐረጎ ቁልቁለት፣ አሮጌው ያማሃና የደም ግፊት መለኪያው

ሞተሩ የነከሰው፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ የቀረው፣ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ጨርሻለሁ፣ መንገዱ ሜዳ ሆኗል፣ ደስ ብሎኝ ጋዙን ከፈት አደረግኩ። ድምፁ መጀመሪያ ወፈረ፣ ቀጥሎ ሲር አለ። የኋላ ጎማው አስፋልቱ ላይ ጮኸ። ፍሪሲዮኑን ጨበጥኩ። ሞተሩ ዝም ብሏል።

ጥር 2011 ነው። አራት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሁዴን የበላ ሞተር ሳይክል ነው። ሦስተኛ ታንክ ቤንዚኑን እንኳ አልጨረሰም። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ሲሊንደሩ ሲቀዘቅዝ የሚያሰማውን ቲክ ቲክ ሳዳምጥ አንድ ባጃጅ ቆመ። «ቤንዚን አልቆ ነው?» አለኝ ሹፌሩ። «እሱ በሆነልኝ» አልኩት።

ያ ሞተር ለምን ነከሰ? ምክንያቱን እንዴት አገኘሁት? ስንትስ ፈጀ? የምጽፈው ይህንኑ ነው። ግቢው ውስጥ አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር (ዘይትና ቤንዚን አብሮ የሚያቃጥለው ዓይነት) ቆሞ በየቀኑ የሚያየው ሰው ካለ፣ እኔ የከፈልኩትን እሱ ባይከፍል ደስ ይለኛል።

ዕቃው

ያማሃ ዲቲ 175 ነው። ያማሃ በፈረንጆቹ 1968 ዲቲ-1 የሚባል ባለ 250 ሞተር አወጣ፤ አስፋልትም ጭቃም እኩል የሚሄድ። የእኔው የዚያ ታናሽ ወንድም ነው። 171 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። የፒስተኑ ስፋት 66 ሚሊሜትር፣ ምቱ፣ ማለትም ፒስተኑ የሚመላለስበት ርዝመት፣ 50። ፊት 21፣ ኋላ 18 ኢንች ጎማ። እሳቱን የሚሰጠው ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ ካንዴላውን የሚያስተኩስ መገናኛ) ነው፣ መብራቱ ባለ 6 ቮልት፣ ከኋላ ሁለት አሞርዛተር። እንግዲህ በእነሱ አቆጣጠር የ1970ዎቹ ዕቃ ነው።

መጀመሪያ የመሥሪያ ቤት ነበር። ገጠር ለገጠር ሲዞር ኖሮ በጨረታ ወጣ። ከዚያ ገራዶ አንድ ሰው ቤት ቆመ፤ ቆመ ስል በርከት ላሉ ዓመታት ነው። ስንደርስ ወንበሩ ሥር ዶሮ ታቅፋ ነበር። ባለቤቱ ዶሮዋን በክብር አንስተው ሌላ ቦታ ካስቀመጡ በኋላ ነው ዋጋ የተነጋገርነው። 9,500 ብር ተስማማን። ሊብሬው አለ፣ የሻንሲ ቁጥሩም ይገጥማል። ይህ ባይሟላ በነፃም አልወስደውም ነበር። ሊብሬ የሌለው ሞተር የሚያምር ቁርጥራጭ ብረት ነው።

ለባለቤቴ የገባሁት ቃል ከነመግዣው 20,000 ብር የሚል ነው። ቃሉ እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ እናየዋለን።

መጀመሪያው ዙር

ብዙው ሥራ ልፋት እንጂ ጥበብ አይፈልግም። ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ከሰል ላይ አስተኝቼ ውስጡ የተጋገረውን ካርቦን አቃጠልኩና አራገፍኩት። ጎረቤት በጭሱ ተቆጣ። የፍሬን ሸራውን አስለጠፍኩ። ወንበሩን አልባሽ ሰጠሁ። ፍሬሙን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ፣ አንቲራስት ቀብቼ፣ ቀለም ነፋሁበት። ከሩቅ ያምራል። ከቅርብ አትዩት።

ሰልባትዮው፣ የቤንዚን ታንኩ፣ ግን ጊዜ ወሰደ። ውስጡ ዝገት እንደ ቡና አተላ ተቀምጧል። አምስት ሊትር አቼቶ ሞላሁበትና ሁለት ቀን ተውኩት። ከዚያ አንድ እፍኝ ያረጀ ብሎንና ዳዶ ከተትኩ፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለልኩት፣ የሰፈር ልጆች በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ አንከባለሉት። ክፍያቸው ብስኩት ነው። የወጣው ውሃ ጥቁር ቡናማ ነበር። አቼቶ አሲድ ስለሆነ እዚያው ከተተውት ብረቱን መብላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ወዲያው በሶዳ ውሃ አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አደረቅኩት፣ ትንሽ የሞተር ዘይት ውስጡን አዳረስኩበት። ይህ የመጨረሻው ከተዘለለ በማግስቱ እንደገና ቀይ ሆኖ ነው የሚገኘው።

ሁለት ነገር ብዙ ብር አድኖልኛል። አንዱ ኩሽኔታ ነው። «የያማሃ ኩሽኔታ» ብሎ መጠየቅ ዋጋ ማስጨመር ነው። ጎኑ ላይ ቁጥር ተቀርጾበታል። ለምሳሌ 6202 ከሆነ ውስጡ 15፣ ውጪው 35፣ ውፍረቱ 11 ሚሊሜትር ነው፤ የትም አገር ይሠራ። ለውሃ ፓምፕና ለወፍጮ ቤት ሞተር ኩሽኔታ የሚሸጡት ሱቆች ጋ ቁጥሩን ይዤ ሄድኩ፣ አራቱን በ360 ብር ገዛሁ። ሌላው ካቴና ነው። የዚህ ሞተር ካቴና 428 የሚባለው ነው። ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው የህንድና የቻይና ሞተሮች አብዛኞቹ ይህንኑ ይጠቀማሉ፤ ዋናው የጥርሱን ቁጥር ቆጥሮ መቁረጥ ነው።

ፒስተን ግን እዚህ አልተገኘም። አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ ሶማሌ ተራ ሦስት ቀን ተመላልሶ ከመጀመሪያው በ0.50 ሚሊሜትር የሚበልጥ ፒስተን ከነፋሻው (ከነቀለበቶቹ) በ1,900 ብር አገኘልኝ። 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ተጉዞ መጣ። ፒስተኑን ሳልይዝ ሲሊንደሩን ሪቲፊካ (ሲሊንደር በልክ የሚቆርጡበት ቤት) አልወሰድኩም። መጀመሪያ አስቆርጦ ልኩን ፒስተን ፍለጋ የሚሄድ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ሰው ሲሊንደሩን አንድ ቀን የአበባ ማስቀመጫ ያደርገዋል። ባለሙያው ፒስተኑን ለካ፣ ከዚያ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል የአንድ ሚሊሜትር አራት መቶኛ ያህል ክፍተት ትቶ ቆረጠው።

ቮላኖውን (ክራንኩ ጫፍ ላይ የሚሽከረከረውን ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ለማውጣት ቶርኖ ቤት መሳቢያ አሠራሁ፣ 300 ብር። በመዶሻ የሚያወጡትን አይቻለሁ። ቮላኖው ይወጣል፣ የክራንኩ፣ ማለትም ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ ጫፍም አብሮ ይጣመማል። የእሳቱን ሰዓት ያስተካከልኩት በሲጋራ ወረቀት ነው። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) አንስቼ፣ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ 1.8 ሚሊሜትር ሲቀረው በካሊፐር ለካሁ፤ ፑንቲናው መሃል የገባው ወረቀት ልክ እዚያች ቦታ ላይ ተስቦ መውጣት አለበት። አጫሽ አይደለሁም። ወረቀቱን የለመንኩት ሱቅ በር ላይ ከቆሙ ልጆች ነው።

እንግዲህ ቮላኖው ወጥቶ ሳለ ከኋላው ፓራኦሊዮው ይታያል። የክራንኩን ጫፍ የምታቅፍ፣ ከቡና ስኒ አፍ የምታንስ ጥቁር የጎማ ቀለበት ናት። በጥፍሬ ጫን አልኳት። ደረቅ ናት፤ ግን አልተሰነጠቀችም። ዋጋዋ ያን ጊዜ 80 ብር ነበር። «ደህና ናት» አልኩ።

80 ብር!

በደሴ የታየው ምልክት

ሞተሩ በሁለተኛው እርግጫ ተነሳ። ያንን ቀን አልጽፈውም፤ የሠራ ያውቀዋል።

የዘይት ፓምፑን የቀድሞ ባለቤት ነቅሎ ቀዳዳውን ደፍኖት ስለነበር ዘይት የማጠጣው ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅዬ ነው። 25 ለ1። በአንድ ሊትር 40 ሚሊሊትር ማለት ነው፣ ባለ 20 ስሪንጅ ሁለት ጊዜ። ስሪንጁን ከባለቤቴ ነው ያገኘሁት። ነርስ ናት።

ሁለት ነገር አስተዋልኩ፤ ሁለቱንም ተሳስቼ ተረዳኋቸው። ጋዝ ስለቅ ሞተሩ ቶሎ አይወርድም፤ ትንሽ እየጮኸ ይቆይና ነው የሚረጋው። የካርቡሬተሯን (አየርና ቤንዚን የምትቀላቅለውን ዕቃ) የሚኒሞ ብሎን፣ ሞተሩ ሲቆም የሚሽከረከርበትን ፍጥነት የምታስተካክለውን፣ ወደ ኋላ መለስኳትና ተረጋጋ። «ተስተካከለ» አልኩ። ሌላው፣ በሙሉ ጋዝ ነድቼ አጥፍቼ ካንዴላውን ሳወጣ ጥላሸት ለብሷል። ደሴ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚኑ በዝቶበታል ማለት ነው ብዬ ከዋናው ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍባት በልክ የተበሳች ቀዳዳ) አንድ ቁጥር ቀነስኩ። ካንዴላው የቡና ቀለም ያዘ። ራሴን አደነቅኩ።

በሳምንቱ ኮምቦልቻ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ።

ሁሉም ሰው ያወቀው ምክንያት

ሞተሩን በ300 ብር አይሱዙ ላይ ጭኜ ተመለስኩ። ሲሊንደሩን ሳወጣ ፒስተኑ በጭስ መውጫው በኩል ተልጧል። አሉሚኒየሙ ሲሊንደሩ ላይ እንደ ማስቲካ ተለጥፏል።

ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። ፒስተኑን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። ገለበጡት፣ አሸተቱት።

«ጂግለር ነካክተሃል?»

«አዎ ጋሼ፣ አንድ ቁጥር ቀንሻለሁ።»

«በቃ! ደሴ ላይ ሠርተህ ኮምቦልቻ ወረድክ። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፣ ቤንዚኑ አነሰው። አብሽር ልጄ፣ ስንቱ ነክሶበታል።»

ሪቲፊካም ሄድኩ፣ ያው። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤቴም ያው። እኔም ልቀበል ነበር። ማታ ላይ ግን ወረቀት አወጣሁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በዚህ የ650 ሜትር ልዩነት አየሩ የሚወፍረው ከ6 እስከ 7 በመቶ ቢሆን ነው። ካርቡሬተር ውስጥ ደግሞ የአየርና የቤንዚን ምጣኔ የሚዛባው የዚያን ግማሽ ያህል ነው፤ 3 በመቶ በሉት። በ3 በመቶ ፒስተን ይነክሳል? ቢሆንማ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ የድሮ ሞተር ሁሉ ሐረጎ ሥር ተሰልፎ በቀረ ነበር።

ሌላም የማይገጥም ነገር አለ። አንዱ ምልክት ቤንዚን በዛ ይላል፣ ጥቁሩ ካንዴላ። ሌላው አየር በዛ ይላል፣ ጋዝ ተለቅቆ የማይወርደው ሞተር። ሁለቱ እንዴት አንድ ሞተር ላይ ይሆናሉ?

የግፊት መለኪያው

ባለ ሁለት ምት ሞተር የሚተነፍሰው በሆዱ ነው። አየርና ቤንዚኑ መጀመሪያ ክራንኩ ያለበት ክፍል ይገባል፣ ፒስተኑ ሲወርድ ይጨመቃል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ያ ክፍል በሁለቱም ጎን አየር የማያስገባ መሆን አለበት። የቀኙ ፓራኦሊዮ ካፈሰሰ ሞተሩ የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ዘይት እየሳበ ነጭ ጭስ ያጨሳል፤ ሰው ያየዋል። የግራው፣ በቮላኖው በኩል ያለው፣ ካፈሰሰ ግን የሚስበው አየር ነው። ምንም አይታይም።

ይህን ማረጋገጥ የሚቻለው ሆዱን ነፍቶ መያዝ አለመያዙን በማየት ነው። የሚነፋው በጣም በትንሽ ግፊት ነው፣ የአንድ ባር አራት አሥረኛ ያህል። ከዚያ ካለፈ ደህናውን ፓራኦሊዮ ራሱ ከቦታው ይገፋዋል። የጎማ መንፊያ ጌጅ ይህን ትንሽ ቁጥር አያሳይም። ምን ያሳየዋል እያልኩ ሳስብ ባለቤቴ ለጎረቤታችን ለእናቴ ጓደኛ ግፊት ትለካላቸዋለች። ፓምፑን ጭብጥ ጭብጥ ታደርጋለች፣ ሰዓቱ 180 ላይ ይወጣል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። የሰዓቱ መጨረሻ 300 ይላል። 300 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ማለት 0.4 ባር ነው።

«አንቺ፣ ይሄን ዛሬ ላውሰው?»

«ለማን?»

«ለሞተሩ።»

ሴትየዋ ሳቁ። ባለቤቴ አልሳቀችም። «ቤንዚን ከነካው አዲስ ትገዛለህ» ብላ ሰጠችኝ።

ሲሊንደሩን ካጸዳሁ በኋላ (እንዴት እንዳጸዳሁት እመጣበታለሁ) ያንኑ የተላጠ ፒስተን መልሼ ለሙከራ ገጠምኩ። የጭስ መውጫውን በአሮጌ ካላማዳርያ ቁራጭና በላሜራ ዘጋሁ። ካርቡሬተሯን አውጥቼ የመግቢያውን ጎማ በእንጨት ወተፍኩ፣ እንጨቱን በስቼ የግፊት መለኪያውን ቱቦ አስገባሁበት። ካንዴላው ቦታው ላይ ነው። የዘይት ፓምፑ ድሮ የሚያፈስበትን ቀዳዳም አጠበቅኩ። ከዚያ ልክ እንደ ነርሷ ጭብጥ፣ ጭብጥ፣ ጭብጥ። 100። 200። 300።

ለቀቅኩ። መርፌዋ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከ100 በታች ወረደች።

የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ አረፋ አድርጌ በየመገጣጠሚያው ቀባሁ። ቴስታታው ደህና። የሲሊንደሩ ጓርኒሲዮን ደህና፤ እኔ በመቀስ የቆረጥኩት ስለነበር ኮራሁ። ቮላኖውን አውጥቼ የክራንኩን ጫፍ ቀባሁ። አረፋዋ መጀመሪያ እንደ ሽምብራ፣ ከዚያ እንደ ሎሚ ተነፋችና ፈነዳች። ሌላ ተነፋች። «ደህና ናት» ያልኳት ባለ 80 ብሯ ቀለበት ናት። ዓመታት ቆማ ከንፈሯ ደርቆ ጠንክሯል፤ ክራንኩን ታቅፋለች እንጂ አትይዘውም።

ታሪኩ ያን ጊዜ ገጠመልኝ። ጋዝ ሲከፈት በካርቡሬተሯ የሚገባው አየር ብዙ ነው፣ በቀዳዳዋ የሚገባው ከዚያ አንጻር ትንሽ ስለሆነ ካንዴላው ላይ አይታይም። ካንዴላውን ያጠቆረው ሌላ ነገር ነው፤ በኋላ ሳየው አየር ማጣሪያ ብዬ የቆረጥኩት የፍራሽ ስፖንጅ ዘይት በዝቶበት ታፍኖ ነበር። እኔ ማጣሪያውን በማጽዳት ፈንታ ጂግለር ቀነስኩ። ጋዝ ሲዘጋ ደግሞ የካርቡሬተሯ በር ጠባብ ነው፣ የቀዳዳዋ ድርሻ ትልቅ ይሆናል። ሐረጎን ስወርድ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ጋዝ ዘግቼ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ሞተሩ ይያዘኝ ብዬ ለቀቅኩት። ሞተሩ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ቤንዚን ግን አይገባም። ዘይቱ ያለው ቤንዚኑ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ዘይትም አይገባም። በቀዳዳዋ የሚገባው ደረቅ አየር የቀረችውን ዘይት ያሳሳታል። ታች ደርሼ ጋዝ ስከፍት ደረቅ ፒስተን ላይ እሳት ለቀቅኩበት።

ለሽማግሌው መካኒክ ስነግራቸው አልተከራከሩም። የግፊት መለኪያውን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እኛ ቁልቁለት ስንወርድ በየኩርባው ፍሪሲዮን ጨብጠን ጋዝ እንሰጠው ነበር። ለምን እንደሆነ የነገረን ግን የለም፣ አለቃችን ነው ያስለመደን።»

ሁለተኛው ዙር

ሲሊንደሩን እንደገና ማስቆረጥ አላስፈለገኝም። የሲሊንደሩ ውስጥ ብረት ነው፣ የተለጠፈበት አሉሚኒየም ነው። ለሴራሚክ ማጽጃ የሚሸጠው አሲድ አሉሚኒየሙን ቶሎ ይበላዋል፣ ብረቱን ግን ቀስ እያለ ነው። ደጅ ወጥቼ፣ ጓንትና መነጽር አድርጌ፣ በእንጨት ጫፍ በተጠቀለለ ጨርቅ የተለጠፈበት ቦታ ላይ ብቻ ነካ ነካ አደረግኩ። ይፍለቀለቃል፤ መፍለቅለቁ ሲያቆም አሉሚኒየሙ አልቋል። ወዲያው በብዙ ውሃ፣ ከዚያ በሳሙና፣ ከዚያ ዘይት። የሲሊንደሩ ውጪው አሉሚኒየም ስለሆነ ጠብታ እንዳትነካው መጠንቀቅ ነው። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሰያፍ ሰያፍ አሸሁትና ሪቲፊካ አስለካሁ። ከልኩ አልወጣም።

ፒስተኑ ግን አልዳነም። ሌላ 1,900 ብር፣ የአክስቴ ልጅ ሌላ ምልልስ። ፓራኦሊዮው ላይ መጠኑ ተጽፎበታል፤ እንደ ኩሽኔታው በቁጥሩ ገዛሁት፣ ከንፈሯን ዘይት ቀባሁ፣ ቀጥ አድርጌ በቧንቧ ቁራጭ አስገባኋት። እንደገና 300 ድረስ ነፋሁ። ስድስት ደቂቃ ጠበቅኩ። መርፌዋ 285 ላይ ናት። ጂግለሩን ወደ ቀድሞው መለስኩ፣ ስፖንጁን በቤንዚን አጥቤ ጨምቄ በስሱ ዘይት አስነካሁት። ጋዝ ስለቅ ሞተሩ ወዲያው መውረድ ጀመረ። የሚኒሞ ብሎኗንም መልሼ ማጥበቅ ነበረብኝ።

ሚያዝያ ላይ ሐረጎን እንደገና ወረድኩ። በየኩርባው ፍሪሲዮን፣ ትንሽ ጋዝ። ከኋላዬ ያለው አይሱዙ የማሾፍበት መስሎት ክላክስ አደረገ። ኮምቦልቻ ስገባ ያችን ቦታ ሳልፍ ትንፋሼን ያዝኩ። አለፈ። ካፌ በር ላይ አቁሜ ካንዴላውን አወጣሁ፤ የቡና ቀለም። ቡና የምታፈላው ልጅ «ምንድን ነው የምታየው?» አለችኝ። አሳየኋት። አልገረማትም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። መግዣው 9,500። የመጀመሪያው ዙር 8,760፤ ከዚህ ውስጥ ትልቁ ሁለቱ ጎማዎች ናቸው፣ 2,600። እስከዚህ 18,260፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ሁለተኛው ዙር ፒስተን 1,900፣ አይሱዙ 300፣ የአውቶቡስ መላኪያ 150፣ ፓራኦሊዮ 80፣ አሲድ 60፤ በድምሩ 2,490። ጠቅላላ 20,750።

ለባለቤቴ ቁጥሩን ሳነብላት አዳመጠችኝና ተነስታ የግፊት መለኪያውን አመጣች። ቱቦውን አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። አዲሱ ያን ጊዜ 650 ብር ነበር፤ 21,400 በሉት።